ጋሼ ወንድሙ የተሻረ ሰው ሲጠይቁ

እሑድ፣ ጥቅምት 15 ቀን 1968 ዓ.ም.
ፌርፋክስ

ሚስተር ኮሊን ምርጫ ተሸነፈ። አዲስ አበባ ፊዚክስ ያስተማረን ካናዳዊ ነው። አገሩ ከተመለሰ በኋላ ፖለቲካ ውስጥ ገብቶ የክፍለ ሀገሩ መሪ እስከ መሆን ደርሶ ነበር። ወሬውን ዛሬ ጠዋት ካናዳ ያለ የክፍል ጓደኛዬ ደውሎ ነገረኝ።

ለአጎቴ ለጋሼ ወንድሙ ባልነግራቸው ይሻል ነበር። እሳቸው አውራጃ ገዢ ነበሩ፤ ለሕክምና እኔ ጋ እንደመጡ መንግሥት ተገለበጠና እዚሁ ቀሩ።

«ሰው ሲሻር ዛሬውኑ ነው የሚጠየቀው» ብለው ተነሡ። ሙሉ ልብሳቸውን ለበሱ፤ ከረባት አሰሩ። በስልክ እኮ ነው ብላቸው ማን ይሰማኛል! ኦኬ ብዬ ደወልኩ።

ሚስተር ኮሊን በጣም ደስ አለው። ጋራዡን እያጸዳ ነበር። እኔ አስተርጓሚ ሆንኩ።

«ቤትዎን ፈተሹት?» አሉ ጋሼ።

«ማን ይፈትሸዋል?» ብሎ ሳቀ። «ያሸነፈኝ ሰውዬ ራሱ ደውሎልኝ ነበር። ነገ ቁርስ ጋብዞኛል። ከዚያ ወደ ማስተማሬ እመለሳለሁ።»

ስልኩን ስዘጋ እኔም ሳቄ መጣ። ጋሼ ግን ከረባታቸውን ሳይፈቱ ሶፋው ላይ ተቀመጡ።

«ያ ቁርስ ቢቀርባቸው ይሻላል» አሉ። «አምና የኔም ጓደኞች በስልክ ደህና ነን ነበር ያሉኝ። ነገ ከቁርሱ በኋላ ደውልላቸው፤ ቤታቸው መመለሳቸውን እንወቅ።»