እናታችንን በቁሟ ስለ መቅበርህ

ለወንድሜ ለቶርኪል፣

እንዴት ከርመሃል? ጉልበትህ ተሻለህ ወይ? ባለቤትህ ሬና ደኅና ናት? ልጆቹስ? የኒውዚላንድ ክረምት እንዴት ይዟችኋል? ይህን ሁሉ የጠየቅሁህ እናታችን አጠገቤ ተቀምጣ «አስቀድመሽ ጤናውን ጠይቂው» ስላለችኝ ነው። ለእኔ ቢሆን ከሰላምታው በፊት የምነግርህ ሌላ ነበር።

እኛ ዝናቡንና ተናካሿን ትንኝ ካልቆጠርን ደኅና ነን። እናታችን ሰማንያ አራት ዓመት ሲሞላት «አገሬን አንድ ጊዜ አሳዪኝ» ብትለኝ፣ ሁለት የገጠር የእረፍት ቤት ለአንድ አንድ ሳምንት ተከራየሁላት። ትናንት ቅዳሜ ከመጀመሪያው ቤት በአራት ሰዓት ውጡ ተባልን፤ የሁለተኛው ቁልፍ የሚገኘው ደግሞ በአሥር ሰዓት ነው። ከነሻንጣችን የት እንዋል? ፏፏቴ ለማየት ሄድን፤ ጉም ውጦት ድምፁን ብቻ ሰምተን ተመለስን። የፈረሰውን ግንብ ሳሳያት «እኔም ሙሽራ ሆኜ ስመጣ ፈርሶ ነበር» አለችኝ። ጠባቡ መንገድ ላይ በጎች ተኝተው ግማሽ ሰዓት ገተሩን። ሾርባችንን ጠጥተን ስንነሣ «ኢሽቤል፣ ቤታችን ከዚህ ኮረብታ ጀርባ አይደል? ጭሱን ብቻ ልየው» አለች።

ጭሱን የተመኘችው ያንተን ቃል አምና ነው። እግሯን አሟት ግላስጎው እኔ ዘንድ ስትገባ ቤቱን በስምህ አዞረችልህ። አንተ ስትሸጠው «ሁለት ልጆች ያሏቸው ባልና ሚስት ሊኖሩበት ነው፤ ምድጃው አይጠፋም» አላልካትም? ስንደርስ ደጃፉ ላይ ተከራይ ሁሉ ቁልፍ የሚያወጣበት ሣጥን ተሰቅሎ አገኘን። እኛ እንደምንከራየው ያለ የእረፍት ቤት ሆኗል። በሩን የከፈተልን ከሊድስ የመጣ ትሑት ተከራይ ነው። እናታችን «እዚህ ቤት ሃምሳ ዓመት ኖሬበታለሁ» ስትለው ግራ ገባው።

«እማማ፣ እዚህ የነበሩት አሮጊት ሞተዋል ተብለናል እኮ። ልጃቸው ሲሸጥ ለአሁኑ የቤቱ ባለቤት እንደዚያ ነው የነገረው» አላት።

«እንግዲህ የሞትኩት እኔ ነኝ፣ ልጄ። ግቡ ካልከኝ እገባለሁ» አለችው።

ቶርኪል፣ አላፈርክም? ገዥው «እናትህስ የት ሊወድቁ ነው?» እንዳይልህ በቁሟ ቀበርካት! በየእሑዱ ስልክህን ስትጠብቅ ምሳዋ የሚቀዘቅዝባትን ሴት!

ከምድጃው በላይ አባታችን በእጁ የጠረበው መቅዘፊያ ለጌጥ ተሰቅሏል። ወንበር ስባ ልትወጣ ስትል ሰውየው ቀድሞ አወረደላት። «ባለቤቱ ቢጠይቅህስ?» ስለው «ሟቿ መጥተው ወሰዱት እለዋለሁ» አለኝ። እናታችን እስኪያስላት ሳቀች። እኔ አለቀስኩ። መቅዘፊያው መኪናው ውስጥ አልገባ ብሎ ጫፉ በመስኮት ወጣ፤ እሷም ዝናቡ እየመታት እቅፍ አድርጋው እዚህ ደረስን። ዛሬ ጠዋት የቤቱ ባለቤት ስልካችንን ከተከራዩ ተቀብሎ ደወለና «መቅዘፊያው የእርስዎ ነው» ብሎ ይቅርታ ጠየቃት። ባዳው ሰው፣ ቶርኪል!

እናታችን «ይቅር ብዬዋለሁ በይው» ብላኛለች፤ ይኸው ጻፍኩ። ቃሉ የእሷ ነው፣ የእኔ እንዳይመስልህ። በሚመጣው እሑድ ስትደውል ስልኩን የምታነሣው እሷ ናት፤ አፍህን በምን እንደምትከፍት ከወዲሁ አስብበት።

ሬናን ሳምልኝ፤ እሷ ምን አጠፋች? ፊንሌይንና ማይሪንም ሳምልኝና አያታቸው በሕይወት እንዳለች አንተው በአፍህ ንገራቸው። ለአንተ የተረፈኝ ሰላምታ የለም።

እኅትህ ኢሽቤል
ጌርሎክ፣ ስኮትላንድ
እሑድ፣ ጁን 16 ቀን 2024