ያልተከፈለበት አጥር

ታህሳስ 3
ዛሬ የክሊኒኩ አጥር የጎባ መንገድ ጎን አለቀ። ቆሜ አየሁት። ደስ ይላል። ሕንፃው የኢንጂነር ሙለታ ስራ ነው፣ የድንጋዩ አጥር ብቻ በውል የእኔ። ክፍያ ስጠይቀው «ሰኞ» አለ። የትኛው ሰኞ?

ታህሳስ 6
ሰራተኛዬ ጉሉማ ስልኩን እንደያዘ መጣ። አገሩ ገሰራ የስንዴ ማጨጃው ኮምባይነር ገብቷል፣ ነገ የእነሱ መንደር ተራ ነው። ሰራተኞቼ በሙሉ የዚያ መንደር ልጆች... ካለፈ አይመለስም፣ ሰማዩም ጠቁሯል። «ሂዱ» አልኳቸው። እኔም አብሬ ልሂድ፣ ጆንያ የሚይዝ ሰው ይፈልጋሉ። ለሙለታ ፎርማን በሩ ላይ ነገርኩት። «ችግር የለም» አለ። በደብዳቤ ማሳወቅ ነበረብኝ? ለኮምባይነር ማን ደብዳቤ ይጽፋል?

ታህሳስ 11
እኔ አልጻፍኩም፣ ሙለታ ጻፈ። ስንመለስ ዘበኛው ሰጠኝ። «ስራ ጥሎ በመጥፋት» ውሉ ተቋርጧል።
«ኢንጂነር፣ አጨዳ ነበር እኮ።»
«ውሉ ላይ አጨዳ የሚል አለ?»
የለም። እውነቱን ነው።
የሰራነውስ? ለዘገየንበት ይያዛል አለ። ፎርማኑ መሬት መሬቱን ያያል። የልጆቹን ደሞዝ ከየት ላመጣ ነው? ቤት ገብቼ እህል አልቀምስ አልኩ።
ጉሉማ ከኋላዬ መጣ፣ አንድ ጆንያ ስንዴ ተሸክሞ። «ኦቦ ሻፊ፣ የእኛ ይቆያል፣ እርስዎ አይጨነቁ።» የምከፍለው እኔ፣ የሚያበላኝ እሱ... አላህ ይስጠው።

ታህሳስ 14
ሙለታ ሌላ ግንበኛ አገኘ። ማን ቢሆን ጥሩ ነው? ዋቆ፣ የዲንሾው። አምና የጎባውን ስራ ከአፌ የነጠቀኝ። ሰሚያ «ምቀኝነትህን ተው» አለች። ሚስት ሆና እንዲህ ትላለች። ምቀኛ ነኝ? ትንሽ።

ታህሳስ 15
እቃዬን ልወስድ ሄድኩ። ዋቆ ሲባጎ ወጥሮ ሊጀምር ነው። አጥሩን ዳሰሰው።
«የማን እጅ ነው?»
«የእኔ።»
«ተከፍሎሃል?»
«ገና» አልኩት። ሲባጎውን መጠቅለል ጀመረ። ሙለታ ሮጦ መጣ፣ ምን ሆንክ ይለዋል።
«ሂሳቡ ባልተዘጋ ሰው ድንጋይ ላይ ድንጋይ አልጭንም። መጀመሪያ የእሱን ዝጋ።»
«ሌላ ሰው አመጣለሁ።»
«አምጣ። የማውቀው ከሆነ ግን ደውዬ እነግረዋለሁ።»
መነኸሪያ ድረስ ሸኘሁት። የሚኒባስ ልክፈልልህ ብለው እምቢ አለ። እንባዬ መጣ። ዞር ብዬ ጠረግኩት።

ታህሳስ 19
ሙለታ ቤቴ መጣ፣ ፎርማኑን ይዞ። ፎርማኑ «ነግሮኝ ነበር፣ እኔ ነኝ ያላሳወቅኩት» አለ። እንጀራውን ሊያጣበት ይችል ነበር፣ ግን ተናገረ። ሙለታ «አንተስ ለምን አልደወልክም?» አለኝ። «አንተስ ከመጻፍህ በፊት ለምን አልደወልክም?» አልኩት። ሳቀ። ውሉ ቀጥሏል፣ የሰራነው ተለክቶ ተከፈለ። ልጆቹ ደሞዛቸውን አገኙ። አልሀምዱሊላህ።
ለዋቆ ደወልኩ፣ የቀረውን አጥር እኩል እንስራው ብዬ። «አሁን አልችልም፣ ኮምባይነር እየጠበቅኩ ነው» አለኝ። ሰሚያ የሳቄን ምክንያት ብነግራት እሷም ሳቀች።

የካቲት 9
አጥሩ ካለቀ ወዲህ ስራ የለም። ዛሬ ጎባ ጠሩኝ፣ ግማሽ ላይ የቆመ የእንግዳ ማረፊያ። ባለቤቱ ቅድመ ክፍያውን አሁኑኑ ልስጥህ አለ። ቤት ውስጥ የሚያስፈልገውን አሰብኩ... ሲባጎዬን አውጥቼ ወጠርኩ። ግንቡ ጥሩ ነው፣ የተጠነቀቀ እጅ ነው።
«የጀመረው ማነው?»
«አንድ ልጅ ነበር፣ አባረርነው።»
«ተከፍሎታል?»
ሰውዬው ስልኩን ማየት ጀመረ።
ሲባጎዬን ጠቀለልኩ። ወደ ቤት ስመለስ እስከ ሮቤ ድረስ ቅር አላለኝም ብል ውሸት ነው።
ሰሚያ በሩ ላይ ጠበቀችኝ። «ስራውስ?»
«የሰው ነው» አልኳት።