አርባ ስምንት ሜትር ብዬ የፈረምኩት እኔ ነኝ

ሶዶ፣ ሰኔ 21 ቀን 2002 ዓ.ም.

ውድ ኤርካሎ፣

ሚስትህ አዛለች ይህን ደብዳቤ ነገ ከምሳህ ጋር ታመጣልሃለች። ከእስር ቤቱ ጥበቃዎች አንዱ የቦዲቲ ዘመዷ ስለሆነ ሳይነበብ ይደርሰዋል ብላኛለች። እኔ በዘመድም ብዙ አልተማመንም፤ ዘንድሮ እዚህ ከተማ ሰው ከዘመዱ ጋር ሲገናኝ መጀመሪያ የሚያየው ከኋላው ማን እንደቆመ ነው። ግን ሐሙስ ችሎት ከመቅረብህ በፊት ማወቅ ያለብህ ነገር አለና፣ ከተነበበም ይነበብ።

ክስህ ላይ «ለአውሮፕላን በረራ አደገኛ የሆነ፣ አርባ ስምንት ሜትር ከፍታ ያለው የሬዲዮ ምሰሶ ያለ ፈቃድ አስተክሏል» የሚል አለ። አንተም አዛለችም ቁጥሩን ከራሳቸው ፈጥረው የጻፉት ይመስላችኋል። ባለፈው እሑድ ቤቴ መጥታ ይህንኑ ስትነግረኝ ራሴን እየነቀነቅሁ አዳመጥኳት፣ አብሬያትም ሰዎቹን ረገምኩ። ቁጥሩ ግን ከእኔ አፍ የወጣ ነው፤ ወረቀቱ ላይ የፈረምኩትም እኔ ነኝ። ቁጥሩ ደግሞ ስህተት ነው።

እንዴት እንደሆነ ልንገርህ። ለምርጫው ለፓርቲያችሁ በሬዲዮናችን ዐሥር ደቂቃ ሲደርሳችሁ ምን ያህል እንደተደሰትክ አስታውሳለሁ። የምትናገረው በወላይትኛ ቢሆንም ጽሑፉ በአማርኛ ተተይቦ ከሦስት ቀን በፊት ለግምገማ መግባት ነበረበት። ሁለት ጊዜ በቀይ ተሰርዞ ተመለሰልህ፤ ሁለቱንም ጊዜ ዎርክሾፔ መጥተህ ላሜራ በምቆርጥበት ጠረጴዛ ላይ አስተካከልከው። እናንተን ደገፋችሁ ተብለው ከእርዳታ እህል ዝርዝር የተሰረዙትን የቤሌ አካባቢ ዐሥራ አንድ ገበሬዎች ስም ግን አላወጣህም። «ራሳቸው ስማችንን ጥራ ብለውኛል፣ ምን ብዬ አወጣዋለሁ?» አልከኝ። በሦስተኛው ጊዜ ማህተም ተመታበት። በምን ምክንያት እንዳለፈ እስከ ዛሬ አልገባኝም። «ሎኦ፣ ጥሩ ነው፣ እንግዲህ የቀረኝ መናገር ብቻ ነው፣ ታ ኢሻው» ብለህ ትከሻዬን መታ መታ አደረግህ። ከልጅነታችን ጀምሮ ወንድሜ ስትለኝ «ታ ኢሻው» ብለህ ነው፤ ያን ዕለትም ደስ አለኝ።

በማግስቱ ጠዋት ከአስተዳደሩ ቢሮ ነኝ ያለ አንድ ሰው መጣ። ጫማው የተወለወለ፣ ትሁት፣ ፋይል የያዘ።

«ጋሽ ፍቅረማርያም፣ የሬዲዮኑን ምሰሶ የሠሩት እርስዎ ነዎት ይባላል።»

«እኔ ነኝ።»

«እጅዎ ይባረክ። እኛ አገር እንዲህ ያለ ሥራ አይታይም። ቁመቱ ስንት ይሆናል?»

የእኛን የበያጆችን በሽታ ታውቃለህ። የቆመ ነገር ሲጠይቁን የምንቆጥረው የበላውን ብረት ነው። «ስምንት ቱቦላሬ ብረት ነው፣ አንዱ ስድስት ሜትር። አርባ ስምንት» አልኩት ደረቴን ነፍቼ። አባቴ ሀብተሚካኤል በሕይወት ቢኖር ከእኔ ብሶ ሃምሳ ይለው ነበር። ሰውዬው ጻፈ፣ ይፈርሙ አለኝ፣ ፈረምኩ። እጄ ቅባት ስለነበረበት ወረቀቱ እንዳይቆሽሽ መሐረቡን ሰጠኝ።

ምሳ ላይ ጣፈጠች «ቁመቱን ለምን ፈለጉት?» ስትለኝ ነው የደነገጥኩት። ሚስቴ እንደምታውቃት አንድ ጥያቄ ትጠይቅና ሥራዋን ትቀጥላለች። ወደ ዎርክሾፑ ተመልሼ በጠመኔ በሩ ላይ አሰላሁት። ስምንቱ ቱቦላሬዎች አንዱ በሌላው ውስጥ ግማሽ ሜትር ይገባሉ፤ መገጣጠሚያው ሰባት ነው። ሁለት ሜትር ተኩል ደግሞ ኮንክሪቱ ውስጥ ተቀብሯል። ከመሬት በላይ የቆመው አርባ ሁለት ብቻ ነው። ከአፍ ከወጣ አፋፍ አሉ፤ ስሌቱን በእጄ አጠፋሁትና ወደ ሥራዬ ተመለስኩ።

በኋላ ከዚያው ቢሮ ለሬዲዮ ጣቢያው ደብዳቤ መጣ። አውሮፕላን ማረፊያ ሜዳ አጠገብ ከአርባ አምስት ሜትር በላይ የሆነ ምሰሶ ልዩ ፈቃድ ያስፈልገዋል፣ ፈቃዱ እስኪመጣ ይውረድ የሚል። ሕጉ መጥፎ አይደለም፤ አውሮፕላን ላይ የተሳፈረ ሰው ሕይወት ቀልድ አይደለም። ግን ያ ሜዳ አንተና እኔ ኳስ ስንጫወት ያደግንበት፣ ዛሬም ከብት የሚግጥበት፣ አውሮፕላን ካረፈበት ስንት ዓመቱ እንደሆነ የሚያስታውስ የሌለ ሜዳ ነው። ንግግርህ ሊተላለፍ ሁለት ቀን ቀርቶት ነበር። ጽሑፍህን በማህተም አሳልፈው ምሰሶውን በእኔ ፊርማ አወረዱት።

ቢሮው ድረስ ሄጃለሁ፣ ይህንን እወቅልኝ። ያው ሰውዬ በር ላይ ተቀበለኝ። ተሳስቻለሁ፣ አርባ ሁለት ነው አልኩት።

«እንግዲያው በሐሰት ፈርመዋል ማለት ነው» አለኝ፣ ድምፁን ሳይቀይር። «ያስቀጣል፣ ጋሽ ፍቅረማርያም። ይልቅ ለዎርክሾፕዎ ስሪ ፌዝ መብራት ጠይቀው አልነበር? ይታይልዎታል። ልጆችም አሉዎት።»

ልጆቼን ስንት እንደሆኑ እንኳ አልጠየቀኝም፤ ያውቃል። ወደ ቤቴ ሄድኩ።

በማግስቱ ምሰሶውን እንዳወርድ የጠሩኝ እኔን ነው። ስፈታው አንተ ከታች ገመድ ይዘህልኝ ነበር። እኔ ላይ ሆኜ መፍቻው ሲያመልጠኝ ከፍታው መስሎህ «አይዞህ፣ መልሰን እንተክለዋለን» አልከኝ። ሜትሬ ኪሴ ውስጥ ነበር። ብረቱ መሬት ላይ ተጋድሞ፣ የሬዲዮው ኮሚቴ ሰዎች ቆመው፣ አውጥቼ ብዘረጋው አንድ ደቂቃ አይፈጅም ነበር። አላወጣሁትም። አንተን አፍሬ ነበር ልበልህ፣ ወይስ ፈርቼ ነበር ልበልህ? ሁለቱም ነው።

የቀረውን አንተ ታውቀዋለህ። ሬዲዮው ዝም ሲል ፒክአፕ ተከራይተህ በድምፅ ማጉያ ልታነበው ቤሌ ገበያ ሄድክ። አምስተኛው ስም ላይ እንደያዙህ ሰማሁ። ሬዲዮው ቢሠራ ኖሮ እዚያ ገበያ ምን ያደርስህ ነበር? አዛለች ነግራህ እንደሆነ አላውቅም፣ ስማቸውን ከጠራሃቸው አምስቱ ሁለቱ ቤታቸው የሉም። የት እንዳሉ ሚስቶቻቸውም አያውቁም።

ባለፈው ማክሰኞ ሰውዬው ተመልሶ መጣ። አሁን አንተ ነው የሚለኝ። በእኔ ስም የተተየበ የምስክርነት ቃል ይዞ ነበር፤ «መምህር ኤርካሎ ጩማ የሬዲዮው ኮሚቴ ሰብሳቢ ሳለ ምሰሶው ለአውሮፕላን አደጋ እንደሆነ ብነግረውም፣ አውሮፕላኖቹ ሌላ መንገድ ይፈልጉ ብሎ አስረዝመው አለኝ» ይላል። አንተ እንደዚህ ብለህ አታውቅም። አንተ ያልከው ቢቻል ዳሞታ ተራራ ጫፍ ላይ እንትከለው ነበር፤ እኔም ሳቅሁብህ። ሰውዬው «የሚመጣው ሳምንት ረቡዕ ከሰዓት ቢሮ ና፣ ሐሙስ ለችሎት የምትሰጠውን ቃል አብረን እናነበዋለን» ብሎኝ ሄደ። ስሪ ፌዝ መብራቱ ባለፈው ሐሙስ ገባልኝ። ደግሜ አልጠየቅሁም ነበር። ከዓርብ ጀምሮ ደግሞ ፊት ለፊቴ ባለው በጎረቤቴ በጀማለዲን ሱቅ ደጃፍ የማላውቀው ሰው በርጩማ ላይ ተቀምጦ በሬን ያያል። ጀማለዲን ሰላምታዬን በአንገቱ ብቻ መመለስ ጀምሯል፤ አልፈርድበትም።

ሐሙስ እውነቱን እናገራለሁ ብዬ ልምልልህ ነበር የተቀመጥኩት። ግን ራሴን ሁለት ጊዜ አየሁት፣ ኤርካሎ፤ አንድ ጊዜ ቢሮው በር ላይ፣ አንድ ጊዜ ምሰሶው ሥር። ሦስተኛው ጊዜ ሌላ ሰው እሆናለሁ ብዬ ባታልልህ ሌላ በደል ነው። ጣፈጠችን ጠየቅኳት። «እኔ ልጆቼን ይዤ ዲምቱ እህቴ ጋ እሄዳለሁ፤ አንተ የመሰለህን አድርግ» አለችና ሻንጣ ማዘጋጀት ጀመረች። ያለቀሰችው ሻንጣውን ከዘጋችው በኋላ ነው።

ስለዚህ የምሰጥህ ይህንን ነው። ምሰሶው ከመሬት በላይ አርባ ሁለት ሜትር ነበር። የሚጠራጠር ካለ ቱቦላሬዎቹ ሬዲዮ ጣቢያው ጓሮ አሉ፤ አንዱ ሌላው ውስጥ ገብቶ የነበረው ጫፍ ቀለም ስላልነካው ግማሽ ሜትሩ ያስታውቃል። ከሥሩ ቆርጬ ያስቀረሁት ጉቶም ኮንክሪቱ ውስጥ ነው፣ ይቆፈር። አስረዝመው ያልከኝ ቃል የለም። ከዚህ በታች ያለው ፊርማ እነሱ ጋ ባለው ወረቀት ላይ ካለው ጋር አንድ ነው።

ይህን ደብዳቤ ለጠበቃህ ስጠው። ሐሙስ ስሜ ተጠርቶ ስቆም፣ አርባ ስምንት ማለት ከጀመርኩ፣ ሳልጨርስ እዚያው ፊቴ ያንብበው። ለልጆቼ ብለህ እንዳትተወኝ።

ፍቅረማርያም ሀብተሚካኤል
በያጅ
(ፊርማ)