ቁልፉ አንቺ ጋ ይቆይ

ውድ ታናሽ እህቴ፣

ይህን የምጽፍልሽ በልጄ ቤት፣ ከውጭ በተቆለፈ ክፍል ውስጥ ሆኜ ነው። እሱና ምራቴ ሥራ ሲሄዱ ይቆልፉብኛል። “እማዬ፣ ወጥተሽ ብትወድቂስ?” ይለኛል። ደብዳቤውን በመስኮት ለጎረቤታችን አቀብላታለሁ፤ እሷ ታደርስልሻለች። ጽሑፌ ቢንጋደድ እንዳትስቂ፤ ፊደል ያስቆጠርሽኝ ካረጀሁ በኋላ ነው። አንቺ ትምህርት ቤት ስትውዪ እኔ ዩኒፎርምሽን እሰፋ ነበር።

አንጀቴ ላይ የነበረው ካንሰር ተቆርጦ ከወጣ ወዲህ በየሦስት ወሩ ደም እሰጣለሁ። በሽታው ከተመለሰ ደም ውስጥ የሚጨምር ነገር አለ፤ እሱን ይለካሉ። እዚህ ቤት “ቁጥሩ” ይሉታል። ቁጥሩ ጥሩ ከሆነ ወደ ቤትሽ ትመለሻለሽ ተብዬ ነው የመጣሁት። “ለጊዜው ውሰዳት” ያልሽውም አንቺ ነሽ፤ አልረሳሁትም። የቤቴንም ቁልፍ አንቺ ጋ ትቼ ነው የመጣሁት።

ባለፈው ልጄ የሆስፒታሉ ወረፋ ሰልችቶት ሰፈር ውስጥ አዲስ የተከፈተ ላቦራቶሪ ወሰደኝ። ቁጥሩ ከፍ ብሎ መጣ። ከዚያ በኋላ ቤቱ ለቅሶ ቤት ሆነ። ምራቴ መቀሴን ደበቀች። “እማማ፣ አርፈው ይቀመጡ፣ እኔ እሰፋዋለሁ” ብላ የልጇን ሱሪ ሁለቱን እግር አንድ ላይ ሰፋችው። ሳቄ አመለጠኝ። ዞር ብላ ለባሏ፣ “ወደ ጭንቅላታቸው ወጥቶ ይሆን እንዴ?” አለችው። እሱም ድምፁን ዝቅ አድርጎ በስልክ ለቤቴ ተከራይ ያፈላልግ ጀመር።

ውጤቱን ይዘን ሆስፒታል ስንሄድ ሐኪሙ አይቶ፣ “ይህን የት አሠራችሁት?” አለ።

“ሰፈራችን ነው ዶክተር። ፈጣን ናቸው።”

“መሣሪያው ሲለያይ ቁጥሩም ሊለያይ ይችላል። ሁሌም አንድ ቦታ አሠሩ ብዬ አልነበር? ደግሞ አንዴ ከፍ ስላለ ብቻ ተመለሰ አይባልም። እዚሁ ይደገም።”

ተደገመ። ወረቀቱን ራሴ አነበብኩት፤ እንደ ቀድሞው ዝቅ ያለ ነው። እዚያው ኮሪደሩ ላይ ልጄን፣ “በል እንግዲህ፣ ልብሴን ልሸክፍ” አልኩት።

“እማዬ፣ እስቲ የሚቀጥለውን እንይ።”

“ከዚያስ?”

“ከዚያማ… የዚያን ቀጣይ ደግሞ እናያለን።”

ክትትሉ አምስት ዓመት ነው፣ እህቴ። ቁጥሩ ሲወጣ በሽተኛ ነሽ ብለው ይቆልፉብኛል፤ ሲወርድ ደግሞ ሊወጣ ይችላል ብለው ይቆልፉብኛል። በየት በኩል ልውጣ?

ቅዳሜ ልጄ አንቺ ጋ ይመጣል። አገላብጦ ይስምሽና፣ “አክስቴ፣ የእማዬን ቁልፍ ስጪኝ፣ ቤቱን ላናፍሰው” ይልሻል። ተከራይ አግኝቷል። ክፉ ልጅ አይደለም፤ ፈርቷል። እኔም እፈራለሁ። ምርመራውን አልተውም፤ ግን ደሜን ከገዛ ቤቴ ተነስቼ ሄጄ ልስጥ።

ቁልፉን እንዳትሰጪው። እሁድ ሁላችንም ቤት ነን፣ በሩም ክፍት ነው። ቁልፉን ይዘሽ ራስሽ ነይ። “ውሰዳት” እንዳልሽው፣ አሁን ደግሞ “ልወስዳት መጣሁ” በይው። ልብሴን ሸክፌ እጠብቅሻለሁ።

ዩኒፎርምሽን የሰፋችው
እህትሽ