በለቅሶህ ሰሞን የሞቱት ዓሣዎች

ደግፌዬ፣

ከተለየኸን ስምንት ወር ሞላ። ሰው ሲጠይቀኝ ደህና ነኝ እላለሁ፤ ላንተ ግን እውነቱን ልጻፍ።

ቤቱ ብዙም አልተለወጠም። ጣሪያው ዘንድሮም ያፈሳል። ኮትህን ለወንድምህ ሰጠሁት፤ ጠቦታል፣ ግን አያወልቀውም። የዓሣ ማራቢያ ኩሬህ በቀበሌው ሪፖርት እስከ ዛሬ «ሞዴል» ነው። እንደ ሪፖርቱ ከሆነ ዓሣዎችህ እየተባዙ ነው።

ኩሬው ግን ባዶ ነው።

በብርብራ ዛፍ ፍሬ ዓሣ እያሰከሩ የሚለቅሙ ሰዎች ከወንዛችን ያጠፉትን፣ ቆሮሶ የሚባለውን ዓሣ እመልሳለሁ ብለህ፣ ከቤተ ክርስቲያን ሰባት በጎ ፈቃደኞች ይዘህ መቆፈር ስትጀምር ሳቅኩብህ። ዓሣ በማይበላ ሰፈር! ከሁሉ ቀድሞ አካፋ ይዞ የመጣው አናጢው ሰብስቤ እንኳ፣ «መምህር፣ ለመሆኑ ይኼ ነገር ይታለባል?» ብሎህ ነበር። አንተ ግን በየጠዋቱ ወርደህ የውሃ መግቢያውን ወንፊት ከቅጠል ትጠርግ ነበር። ካልተጠረገ ውሃው ይቆማል፤ ዓሣዎቹ ይታፈናሉ።

ስትሞት ሰባቱም ድንኳን ተክለው ሦስት ቀን አብረውኝ ተቀመጡ። የወዳጁን ለቅሶ ትቶ ሥራ የወረደ ሰው ምን ይባላል? ለክብርህ ሲሉ አንዳቸውም ኩሬህ ድረስ አልሄዱም።

እኔ በሁለተኛው ቀን ወንፊቱ ትዝ አለኝ። ሰብስቤ ፊት ለፊቴ ነበር፤ አንድ ቃል ይበቃ ነበር። የባሏ አፈር ሳይደርቅ ስለ ዓሣ ታወራለች እንዳልባል ነጠላዬን ፊቴ ላይ ሳብ አድርጌ ዝም አልኩ።

በአራተኛው ቀን ሲወርዱ፣ ወደ ወንዙ ሊለቀቁ ሳምንት የቀራቸው የዓሣ ጫጩቶች ሁሉ ሞተው ተንሳፈዋል። ሰብስቤ «በደልነው» እያለ በቀብርህ ዕለት ያላለቀሰውን አለቀሰ። አጽናናሁት፤ ወንፊቱ ትዝ ብሎኝ እንደነበረ ግን አልነገርኩትም። ከዚያ ወዲህ መንገድ ላይ ሲያየኝ አንገቱን ደፍቶ ያልፋል።

ትናንት ቤቱ ሄጄ ነገርኩት። መጋዙን አስቀመጠና፣ «እትዬ፣ እኔም እኮ ያን ቀን ትዝ ብሎኝ ነበር» አለኝ። «ሰው ምን ይለኛል ብዬ ነው።»

ሌሎቹን ስድስቱን አልጠየቅናቸውም። ፈራን።

ኩሬው እንደገና ይሞላል ብዬ ቃል አልገባልህም። ግን ስምህ በተነሣ ቁጥር፣ ደግ ሰው ነበር ብዬ አላልፍም፤ ዓሣዎችህ በምን እንደሞቱ እናገራለሁ፣ የማን አፍ ተዘግቶ እንደነበረም። እኔ እስካለሁ በዚህ ትታወሳለህ።

ባለቤትህ አስካለ
ቡታጅራ