ነገ ቤት ነሽ?

ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ
ታኅሣሥ 13 ቀን 2006 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለገላው፣

ቅዳሜ ታኅሣሥ 5 ቀን። የአየሩ ሁኔታ፦ ከጠዋት ጀምሮ በረዶ የቀላቀለ ዝናብ፣ ከሰዓት በኋላ ዝናብ ብቻ። ቦታው፦ አሌክሳንድሪያ፣ ለማኅበራችን ዓመታዊ ጉባኤ የምንከራየው አዳራሽ። የተገኙ፦ ሊቀ መንበሩ አቶ ዓብዩ፣ የመስተንግዶ ኃላፊዋ ወይዘሮ ዘርትሁን፣ የመድረክ መሪዋ ቤዚ፣ የክብር እንግዳው ዶክተር ባርናባስ፣ ስልሳ አራት አባላት ከነቤተሰቦቻቸው፣ ቃለ ጉባኤ ያዥ ስሂን።

ይቅር በለኝ፣ ደብዳቤ እንዲህ አይጀመርም። ሦስት ጊዜ በሰላምታ ጀምሬ ሦስቱንም ቀደድኩት። ሰባት ዓመት ሙሉ የጻፍኩት ቃለ ጉባኤ ብቻ ስለሆነ እጄ የሚያውቀው ይህንኑ ነው። ፊደሉንም ከየት እንዳገኘሁት ታውቃለህ፤ አንተ ጨርሰህ ከጣልካቸው ደብተሮችና ስኳር ከሚጠቀለልበት ጋዜጣ። ስለዚህ እንደሆነልኝ ልጻፍልህ።

እንደምን ሰነበትክ? ልጆቹስ? ለቀስተኛው አሁን ወደየቤቱ ተመልሶ ይሆናል። ጋቢህን ሳትደርብ ውጭ አትቀመጥ።

እማዬ ረቡዕ ታኅሣሥ 2 እንዳረፈች፣ ሐሙስ እንደቀበራችኋት አሁን አውቄያለሁ። በዚህ ሳምንት አሥራ አንድ ጊዜ እንደደወልክልኝም አይቻለሁ። ያላነሳሁት ተቆጥቼ አይደለም። ለእኔ ሳትነግር ለማኅበሩ የነገርክበትን ምክንያት ከማንም በላይ አውቀዋለሁ። እኔም ብሆን እንደዚያው አደርግ ነበር። ለምን እንዳላነሳሁ ደብዳቤውን ስትጨርስ ይገባሃል።

ማኅበራችን የሚሠራውን ስነግርህ «እድር በሉት በቃ» እያልክ ትስቅ ነበር። የታመመ እንጠይቃለን፣ እንግሊዝኛ የማይችሉ ሽማግሌዎችን ሐኪም ቤት እንወስዳለን፣ አራስ እንጠይቃለን። መርዶም እንነግራለን። አገር ቤት ሰው የሞተበት ካለ ቤተሰቡ ለአቶ ዓብዩ ይደውላል፤ እኛ ሐዘንተኛው ከሥራ የሚያርፍበትን ቀን እንጠብቅና ሊነጋጋ ሲል አምስት ሆነን በሩን እናንኳኳለን። እስከዚያ ድረስ ወሬው እንዳይደርሰው እንጠብቀዋለን። ሥርዓቱን በአንድ ገጽ የጻፍኩት እኔ ነኝ። አንደኛ፣ ሰውየው በማግስቱ ቤቱ መሆኑን ማረጋገጥ። ሁለተኛ፣ ስልኩን በዘዴ መውሰድ። ሦስተኛ፣ ብቻውን አለመተው። እንዲህ እያለ እስከ ሰባት ይሄዳል።

ቅዳሜ ዘርትሁን በመኪናዋ ልትወስደኝ መጣች። አስፐን ሂል ጎረቤቴ ናት፤ እሷ ያለችበት መኪና ውስጥ ሬዲዮ አያስፈልግም። ያን ቀን ግን ዝም ብላ ነዳች። የሽምብራ አሳውን ድስት እግሬ ላይ አድርጌ ይዤ ነበር። ትልቁን ድልድይ ስንሻገር፣ መንገዱን እያየች፣

«ነገ ቤት ነሽ?» አለችኝ።

እሑድ ኦፍ መሆኔን ዘርትሁን ሰባት ዓመት ሙሉ ታውቃለች።

«ቤት ነኝ» አልኳት።

«ጎሽ።»

ይህችን ጥያቄ ስንቱን ሰው ጠይቄዋለሁ መሰለህ። በሱቅ፣ በቤተ ክርስቲያን በር ላይ፣ በባቡር ውስጥ። ሌላ ነገር እያዩ፣ እንደ ዋዛ። ዘርትሁንን ያስተማርኳትም እኔ ነኝ። እማዬ ከሰኔ ጀምሮ እንደተኛች አውቅ ነበር። ረቡዕና ሐሙስ ደውዬ አላነሳህም፤ ዓርብ «ኔትወርክ ነው» አልከኝ። ስለዚህ ድልድዩ ላይ አወቅሁ። ምን ተሰማሽ ብትለኝ፣ የመኪናው የመስታወት መጥረጊያ በቀኝ በኩል መስመር እያስቀረ እንደሚጠርግ አየሁ። ድስቱ እንዳይፈስ አጥብቄ ያዝኩት። ይኸው ነው። እስከ ዛሬም ከዚህ የተለየ ነገር አልተሰማኝም።

አዳራሹ ፊኛ ተሰቅሎበት ነበር። የፆሙ ገበታ በግራ፣ የፍስኩ በቀኝ። ቤዚ፣ የዘርትሁን ልጅ፣ ገና ካፖርቴን ሳላወልቅ አቅፋ ያዘችኝ።

«ስሂንዬ፣ ስልክሽን አውሺኝ፣ ፎቶ ላነሳ ነበር የኔ ባትሪ ዳይ አደረገ።»

የራሷ ስልክ ከኋላ ኪሷ ውስጥ ብርሃኑ ቦግ ቦግ ይል ነበር። ሁለተኛው ተራ ቁጥር። የእኔን ሰጠኋት። እሷም ቦርሳዋ ውስጥ ከትታው ዞረች እንጂ አንድም ፎቶ አላነሳችበትም።

መሃል ላይ አስቀመጡኝ። በቀኜ ዘርትሁን፣ በግራዬ አቶ ዓብዩ። እሳቸው ሰባ ዓመት አልፏቸዋል፤ ድሮ በዚህ ከተማ የፓርኪንግ አለቃ ነበሩ።

«ስሂን፣ ዛሬ መጻፉ ይቅርብሽ። ብይ» አሉኝ።

«ታዲያ ማን ሊይዝልን ነው?»

«እኔ እይዛለሁ።»

«እርስዎ የጻፉትን እርስዎም አያነቡት!» አለች ዘርትሁን፤ ጠረጴዛው ሳቀ፤ ከዚያ ሁሉም በአንድ ጊዜ መሳቁን አቆመ። እስክሪብቶዬን አወጣሁ።

የክብር እንግዳው ዶክተር ባርናባስ አርሊንግተን የሚኖር፣ ገና ጎልማሳ የሥነ ልቦና ሐኪም ነው። የጋበዝነው በመስከረም ነበር። ርእሱንም የመረጥንለት እኛው ነን፤ «በስደት አገር ሐዘንን መካፈል»። የእኔን ነገር የነገረው ሰው አልነበረም፤ ማንም አላሰበውም። ጥሩ ተናጋሪ ነው። መርዶ መደበቅ ሰው ለመጠበቅ ተብሎ የሚደረግ መሆኑን እንደሚረዳ ተናገረ። ቀጥሎ ግን እንዲህ አለ፤ ቃል በቃል ይዤዋለሁ። «ለአንድ ሰው የእናቱን ሞት ስትደብቁት፣ አራት ቀን ከሐዘኑ ላይ ወስዳችሁበታል። መልሳችሁ ልትሰጡት አትችሉም።»

እናቱን ያለው ለምሳሌ ነው። ዘርትሁን ውሃ ቀዳች፤ ብርጭቆው ሞልቶ ፈሰሰ።

«እስቲ እንነጋገር» አለ ዶክተሩ፣ ፈገግ ብሎ። «እዚህ አዳራሽ ውስጥ መርዶ ተደብቆበት የሚያውቅ እጁን ያውጣ።»

ግማሹ አዳራሽ እጁን አወጣ። ከኋላ ረድፍ ፅጌም አወጣች። ስለ ፅጌ አሁን እነግርሃለሁ።

«ደብቆ የሚያውቅስ?»

ሁሉም ሳህኑን አየ። እስክሪብቶዬን አስቀመጥኩና እጄን አወጣሁ። በቃለ ጉባኤው ላይ ያለው ይህ ነው፦ «ለሁለተኛው ጥያቄ አንድ እጅ ወጣ።»

«በጣም ጥሩ፣ እኅታችን ደፋር ናት!» አለ። «ምን ተሰምቶሽ እንደነበር ልታካፍይን ትችያለሽ?»

አቶ ዓብዩ ወንበራቸውን ገፍተው ተነሡ። «ዶክተር፣ ይቅርታ፣ ምግቡ እየቀዘቀዘብን ነው።»

«አቶ ዓብዩ፣ የፆሙ እኮ ድሮም ቀዝቃዛ ነው» አለ አንዱ ከወዲያ። አንድ ሁለት ሰው ሳቀ። ዶክተሩ ግራ ገብቶት ወረቀቱን አጣጠፈና ወረደ። አሳዘነኝ። ጥሩ ንግግር ነበር፣ መጨረሻው ብቻ ቀረበት።

ከምሳ በኋላ የምስክር ወረቀት ተሰጠ። ቤዚ ማይኩን ይዛ «ጋይዝ፣ የዓመቱ አገልጋይ... ስሂን!» ስትል አዳራሹ በሙሉ ተነሥቶ ቆመ። አምና ለገብረ እግዚአብሔር ሲሰጥ ማንም አልቆመም። ጭብጨባውም አላልቅ አለ። ከፊት የነበሩ እናቶች እያጨበጨቡ በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን ይጠርጉ ነበር። ቆሜ ጨረስኩላቸው። ምን ላድርግ፣ ሌላ የማደርገው አልነበረም።

አሁን ፅጌ። ታኮማ ፓርክ ትኖራለች። የዛሬ ሁለት ዓመት አባቷ ሲያርፉ ያስተኛነው እኛ ነን፤ መርዶውን ማለቴ ነው፣ አራት ቀን ደብቀን አስተኛነው። ያኔ ከእኔ ጋር በአንድ ናርሲንግ ሆም ትሠራ ስለነበር ሦስተኛው ተራ ቁጥር የደረሰው ለእኔ ነው። አራቱንም ቀን አብሬያት ምሳ በላሁ። እሑድ ስንነግራት እኔን ብቻ ነበር የምታየው። ከዚያ ወዲህ እግዜር ይስጥልኝ እንኳ አትለኝም፤ ሥራዋንም ቀየረች።

ካፖርቴን ከተሰቀለበት ላወርድ ስሄድ ተከትላኝ መጣች። ሌላ ሰው አልነበረም።

«አራት ቀን ሙሉ አብረሽኝ በላሽ» አለችኝ። ሰላም ሳትለኝ።

«በላሁ።»

«ቀይ ሥር ሁሉ አጉርሰሽኛል።»

«አዎ።»

«እኔ እንደዚያ አላደርግም። እዚህ ካለው ሰው ሁሉ እኔ አላደርገውም። ጠይቂኝና አሁኑኑ እነግርሻለሁ። ጠይቂኝ፣ ስሂን።»

ገላው፣ በዚህ ነገር ላይ ልዋሽህ አልችልም። ቃሉ አፏ ውስጥ እንደነበር አየሁት። አንድ ቃል ብናገር፣ ዶክተሩ ተወሰዱ ካላቸው አራት ቀኖች አንዷን ማታ መልሼ እወስዳት ነበር። ማልቀስም ካለ ያኔ አለቅስ ነበር። የካፖርቷን ቁልፎች አየሁ። አምስት ናቸው፤ አራተኛው ከሌሎቹ የተለየ ነው።

«ነገ እነሱ ይንገሩኝ» አልኩ።

«ለምን?»

«ነገ ይንገሩኝ፣ ፅጌዬ።»

ከዚያ ካፖርቴን ከእጄ ወስዳ አለበሰችኝ፤ ቁልፉንም እስከ አንገቴ ድረስ እንደ ሕፃን ቆለፈችልኝ። «ብርድ እንዳይመታሽ» ብላኝ ሄደች።

በቃለ ጉባኤው መጨረሻ «ልዩ ልዩ ጉዳዮች» የሚል ቦታ አለ። «የለም» ብዬ ጻፍኩበትና አቶ ዓብዩ ፈረሙበት።

ማታ ዘርትሁን «ካንቺ ዘንድ ልደር፣ ማሞቂያዬ ተበላሽቷል» አለች። ደክሞኛል ብዬ መለስኳት። አልተከራከረችም፤ ስልኬም ቤዚ ዘንድ እንደቀረ አላነሳሁባትም።

ለገና የቆረጥኩት ቲኬት እንዳለ ነው። የመኖሪያ ወረቀቴን አሥራ ሁለት ዓመት ጠብቄ በጥቅምት ሲደርሰኝ ቀን የመረጥኩት እማዬን ጠይቄ ነበር፤ «ገና ይሻላል፣ ሦስት ወር እንኳ አልቀረውም» ያለችኝን ታስታውሳለህ። እመጣለሁ። የገዛሁላትን የሱፍ ሹራብ አንተ ካልፈለግከው ላስታመመቻት ለአፀደ እሰጣታለሁ፤ ስድስት ወር ሙሉ ያገላበጠቻት እሷ ናት። መድኃኔ ዓለም ልጆችህን ያሳድግልህ፤ ቤትህን በረድኤቱ ይጠብቅልህ። እማዬን እዚያ ሆነህ በእኔም ፈንታ አፈር ያለበስክልኝ እጅህ አይድረቅብኝ።

አሁን የእሑድን ጠዋት ልጻፍልህና ላብቃ። የመዘገብኩት እንዳደረግሁት ነው።

በዚህ አገር አቆጣጠር አራት ሰዓት ተኩል ላይ ተነሣሁ። ፊቴን ታጠብኩ። ጥቁር ሹራብ አወጣሁና መልሼ አስቀመጥኩት፤ የማያውቅ ሰው ጥቁር አይለብስም። የመስታወቱን ጠረጴዛ ወደ መኝታ ክፍል አስገባሁ፤ አምስተኛው ተራ ቁጥር፣ የሚሰበር ነገር ማንሣት። ከወጥ ቤት ሦስት ወንበር አምጥቼ ከሶፋው ፊት ለፊት ደረደርኩ፤ ቆይቼ ደግሞ የተዘጋጀሁ እንዳይመስልባቸው ብዬ ወደ ቦታቸው መለስኳቸው። የበሩን ሰንሰለት አወለቅሁ። ማሰሮ ሙሉ ውሃ ጣድኩ።

አምስት ሰዓት ከሃያ ላይ የቤቱን ስልክ አነሣሁ። ስለ ቤት ስልክ የጻፍኩት ተራ ቁጥር የለም፤ አሁን ከእጅ ስልክ ሌላ ማን ይይዛል ብዬ ነው። በመሳቢያው ውስጥ ከአምና የተረፈ የስልክ ካርድ ነበረኝ። ቁጥሩን መታሁ። በእናንተ ሰባት ሰዓት ከሃያ ገደማ ነው። በመጀመሪያው ጥሪ አነሣህ።

«እማዬ እንዴት ናት?» አልኩህ።

ከኋላህ ብዙ ሰው ይሰማኝ ነበር፤ አንድ በር ዘጋህና ድምፁ ጠፋ። መርዶውን ነግረውኝ ይሁን አይሁን አላወቅህም። አስቸገርኩህ።

«ደህና ናት» አልክ። «ምሳዋን በልታ ጋደም ብላለች።»

«ምን በላች?»

«ሽሮ።»

«በደንብ በላች?»

«በደንብ በላች፣ እቴቴ።»

«እንዳትቀሰቅሳት። ስትነሣ ሰላም በልልኝ።»

«እሺ።»

እያወቅሁ ነው የጠየቅሁህ። አንድ ጊዜ ደግሞ ደህና ናት ሲባል ልስማ ብዬ ነው። አሁን ስልክህን ካነሣሁት ሌላ ነገር ትነግረኛለህ።

ስድስት ሰዓት ሊሆን አሥር ደቂቃ ሲቀረው ታች ፓርኪንጉ ላይ ሁለት መኪና መብራቱን አጠፋ። በመስኮት ቆጠርኳቸው። አምስት መሆን ሲገባቸው ስድስት ነበሩ፤ ስድስተኛዋ ፅጌ ናት። ደረጃው ላይ ሲንሾካሾኩ ሰማሁ፤ አቶ ዓብዩ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። መብራቱን አጥፍቼ ጨለማው ውስጥ በሩ ጋ ቆምኩ።

ዘርትሁን አንኳኳች።

እስከ አሥር ቆጠርኩ፣ ከእንቅልፉ የሚነሣ ሰው የሚፈጅበትን ያህል።

«ማነው?» አልኩ።

እኅትህ
ስሂን