ቢጫው ካርድ፣ አረንጓዴው ካርድና የእህቴ ጨጓራ

ለተከበሩ የሆስፒታላችን ዋና የሕክምና ዳይሬክተር፤
ባሉበት።

እንደምን ሰንብተዋል? ጤናዎ፣ በተለይም ጨጓራዎ፣ ደኅና እንዲሆን ከልብ እመኛለሁ። ይህን የምመኝልዎ ለወጉ ያህል አይደለም፤ አንድ ቀን ያመመዎ እንደሆነ በሚመሩት ሆስፒታል ሊታከሙ ነውና ፈጣሪ ከዚያ ዕጣ ይሰውርዎ ብዬ ነው።

እኔ ሠላሳ አንድ ዓመት በመዝገብ ቤት አገልግዬ ጡረታ የወጣሁ ሴት ነኝ። የምኖረው ከታናሽ እህቴ ጋር ነው። እህቴ ልብስ ሰፊ ነበረች፤ አርባ ዓመት የስፌት መኪና ስትረግጥ ጉልበቷ አለቀ። ይህን ደብዳቤ ያስጻፈኝ ግን ጉልበቷ ሳይሆን፣ ጉልበቷን እናክማለን ስትሉ የላጣችሁት ጨጓራዋ ነው። በመጨረሻ አንድ ጥያቄ አለኝ፤ እስከዚያው ምስጋናዬን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ፤ ያለ ተራ ቁጥር አቤት ማለት አልተማርኩምና።

፩ኛ. ስለ አግዳሚ ወንበሩ አመሰግናለሁ። የአጥንት ሐኪሙ ክፍልና የውስጥ ደዌ ሐኪሙ ክፍል ፊት ለፊት ናቸው፤ በመካከላቸው ያለው ኮሪደር ስድስት እርምጃ ነው፤ ረግጬ ቆጥሬዋለሁ። እህቴ ማክሰኞ ለጉልበቷ፣ ሐሙስ ለሆዷ ስትመጣ እዚያው ወንበር ላይ ተቀምጣ ፊቷን ማዞር ብቻ ይበቃት ነበር። ለጉልበቷ ቢጫ ካርድ ተሰጣት፤ በላዩም የሕመም ማስታገሻ በቀን ሁለት ጊዜ ተብሎ ተጻፈበት። ማስታገሻውን በጀመረች በወሩ ሆዷን ያቃጥላት ጀመርና አረንጓዴ ካርድ ወጣላት፤ በላዩም «ጨጓራ» ተብሎ ተጻፈበት። እነዚህ ሁለት ካርዶች፣ ክቡርነትዎ፣ ስምንት ወር ሙሉ በስድስት እርምጃ ርቀት ኖረው አንድም ቀን አልተያዩም።

፪ኛ. የካርድ ክፍል ሠራተኛዎን ስለ ደንብ አክባሪነቷ አመሰግናለሁ። በሦስተኛው ወር ሁለቱን ካርዶች አንድ ላይ አድርጋ ለሐኪሙ እንድትልክልኝ በትሕትና ጠይቄያት ነበር። በመድኃኒቱ ተጠራጥሬ አይደለም፤ የመዝገብ ቤት አመል ሆኖብኝ ነው፤ በእኔ ጊዜ የአንድ ሰው ወረቀት በሁለት ፋይል ከተገኘ አለቃችን እስኪስተካከል ድረስ ከወንበራችን አያስነሱንም ነበር። እርሷ ግን ስልኳን እያየች «ማዘር፣ ቢጫና አረንጓዴ አይቀላቀልም፤ ደንብ ነው» አለችኝ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ሲባል ስሰማ ነው ያረጀሁት፤ ሁለቱን በአንድ መስኮት ያገኘሁት ግን እርስዎ ዘንድ ነው።

፫ኛ. የውስጥ ደዌ ሐኪምዎን ስለ አጭር ንግግራቸው አመሰግናለሁ። አምስት ጊዜ አይተዋታል፤ ቀና ብለው ግን አላዩዋትም። አምስቱንም ጊዜ ያሏት «የሚያቃጥል ነገር አትብዪ፣ አትናደጂ» ነው። እህቴ ከልጅነቷ ጀምሮ የሚያቃጥል ነገር በአፏ አይዞርም፤ ስትናደድ ያየኋትም አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ እርሱም የሰፋችውን የሙሽራ ቀሚስ ሌላ ሰው አሳጥሮ ያበላሸው ዕለት ነው። ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ማለት ይህ ነው። «ለሌላ ሕመም የምትወስጂው መድኃኒት አለ?» ብሎ ለመጠየቅ አንድ ትንፋሽ ይበቃ ነበር፤ እርሱም ተቆጠበ። የሰጧትን እንክብል እንኳ ከቁርስ በፊት መዋጥ ሲገባው «ከምግብ በኋላ» ብለው ጻፉበት። ሕመሙ ሲብስባትና በጉሮሮ ገብቶ ጨጓራን በሚያሳየው ካሜራ እንድትታይ ስትለምናቸው፣ ለአምስት ወር ቀጠሯት።

፬ኛ. ይህኛው ለእኔ ለራሴ ነው። እኔ ትእዛዝ እንድፈጽም ተቀጥቼ ያደግሁ ሰው ነኝ፤ ስለዚህ ሐኪሞቻችሁ የጻፉትን ቃል በቃል ፈጽሜአለሁ። ጠዋት ሁለት ሰዓት፣ ማታ ሁለት ሰዓት፣ የጉልበቱን ፍሬ በግራ እጄ፣ የጨጓራውን በቀኝ እጄ ይዤ ከፊቷ እቆም ነበር። አንድ ቀን «እትዬ፣ ይሄ የጉልበቱ ሲወርድ ሆዴን ይልጠኛል፤ ትንሽ ብተወውስ?» አለችኝ። «ሐኪም ያዘዘው አይተውም፤ አፍሽን ክፈቺ» አልኳት። ከፈተች። ስምንት ወር አንዲት ፍሬ አላሳለፍኩም። የእናንተ ክፍሎች ባይተዋወቁም፣ ሁለቱ መድኃኒቶች በየቀኑ በእኔ እጅ ላይ ይገናኙ ነበር፤ እኔም አላወቅኋቸውም።

፭ኛ. አንድ ሰኞ ጠዋት እህቴ መታጠቢያ ቤት ውስጥ ወደቀች። ሰገራዋ እንደ ሬንጅ ጠቁሮ ነበር፤ ከንፈሯ ነጥቶ ከግድግዳው አይለይም ነበር። የድንገተኛ ክፍላችሁ በር ላይ ደግፌ ሳቆማት የተጠየቅሁት «የየትኛው ካርድ ናት?» የሚል ነው። ለዚህ ጥያቄ ልዩ ምስጋናዬን አቀርባለሁ፤ ባትጠይቁኝ ኖሮ እናንተው ዘንድ ትቀር ነበርና። በመጣንበት ታክሲ ይዣት ወደ ሌላ ሆስፒታል ሄድኩ።

እዚያ አንዲት ወጣት ሐኪም፣ ገና ሳትነካት፣ «እማማ፣ እህትዎ የምትወስደውን መድኃኒት ሁሉ አምጥተዋል?» አለችኝ። የመድኃኒቷን ከረጢት አልጋው ላይ ዘረገፍኩት። በጣቷ እያንቀሳቀሰች ለየችና የጉልበቱን ማስታገሻ አንስታ «ይሄ ነው» አለች። ካሜራው ሲገባ የጨጓራዋ ሽፋን እንደ አሮጌ ቤት ልስን ተላልጦ፣ ሦስት ቦታ ይደማ ነበር። ሁለት ከረጢት ደም ተሰጣት። ጨጓራን የሚያቆስል ተሕዋስ እንዳለ ተመርምራ አልተገኘባትም። ማስታገሻው ተቋረጠ፤ እንክብሉ ከቁርስ በፊት ግማሽ ሰዓት ቀድሞ ሆነ፤ ለጉልበቷ የሚቀባ መድኃኒትና እንቅስቃሴ ታዘዘላት። በሦስት ሳምንቷ ሳታቃስት እህል በላች። ይህ ሁሉ ጥበብ የተጀመረው በአንድ ጥያቄ መሆኑን ለክቡርነትዎ ማስታወስ ድፍረት እንዳይሆንብኝ እሰጋለሁ።

እንግዲህ ጥያቄዬ ይህ ነው። ለአንድ ሰው አንድ ካርድ ይሁንለት። የእህቴስ አለፈ። ባለፈው ማክሰኞ ግን ሄጄ እዚያው ወንበር ላይ ዋልኩ፤ ቢጫና አረንጓዴ ካርድ አንድ ላይ የያዙ አሥራ አንድ ሰዎች ቆጥሬአለሁ። አንደኛው የራሳችሁ የጥበቃ ሠራተኛ ነው፤ ሆዱን በክርኑ ደግፎ ተራውን ይጠብቃል። ማስታገሻውን ለሐኪሙ እንዲያሳይ ነግሬዋለሁ፤ እርሱን እንኳ ቀድመው ቢጠይቁት ደስ ይለኛል። ካርዶቹን ማገናኘት ከባድ ሥራ መስሎ ከታየዎ፣ እህቴ ከስፌት መኪናዋ የቆረጠችውን አንድ ክንድ ክር ከዚህ ደብዳቤ ጋር አያይዣለሁ። ጠንካራ ክር ነው፤ ከደንባችሁም ይበረታል ብላለች።

ጊዜዎን ስለ ወሰድኩ ይቅርታ እየጠየቅሁ፣ ለእርስዎ ረጅም ዕድሜና ያልተላጠ ጨጓራ፣ ለሐኪሞችዎ አንዲት ጥያቄ፣ ለኮሪደርዎ ደግሞ ስድስት እርምጃ የሚራመድ ሰው የምመኝ፣

አክባሪዎ፣
የልብስ ሰፊዋ ታላቅ እህት

ድኅረ ጽሑፍ፦ ፖስታውን ሳሽግ በእህቴ ስልክ ከሆስፒታልዎ መልእክት ደረሰ፤ «የጉልበት መድኃኒትዎ ተዘጋጅቷል፤ ሳያቋርጡ ይውሰዱ» ይላል። የካሜራ ቀጠሮዋም ገና ሁለት ወር እንደሚቀረው አረንጓዴው ካርድ ያስታውሳል። እህቴ አንብባ ሳቀች፤ እንዳትናደድ ታዝዛለችና። እኔ ግን በየትኛውም ቀለም ካርድ ስለሌለኝ፣ ትእዛዙ እኔን አይመለከትም።